«ፓይለቶቹ ጠግበው ነው» ለምትሉ ወገኖቼ

እንደ ልማዴ ረዘም ያለ ነው። የቸኮለ ይለፈኝ። ሊሰድበኝ የፈለገ ግን መጀመሪያ አንብቦ ይስደበኝ።

የኬንያ ኤርዌይስ ፓይለቶች ማኅበር ጥቅምት 9 ቀን 2015 (ኦክቶበር 19, 2022) የ14 ቀን የአድማ ማስጠንቀቂያ ከሰጠ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። በየግሩፑ የሚላከው የድምፅ መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ «ጠግበው ነው»፤ «እኛን የቤት ኪራይ አንቆን እነሱ ምን ጎደለን ብለው ነው?»፤ «መንግሥት ሁሉንም ያባርና ሌላ ይቅጠር»። አንዱ ወንድማችን «የደላው ሙቅ ያኝካል» ብሎ ሲተርትባቸው ስንት ሰው የሳቅ ምልክት እንደለጠፈለት አይቻለሁ። እኔ አልሳቅሁም።

በመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደሆነ እንወቅ። ብዙዎቻችሁ ደመወዝ ይጨመርልን ያሉ ይመስላችኋል። አይደለም። በ2020 ኮሮና ገብቶ አውሮፕላን ሁሉ መሬት ላይ ሲቆም ኩባንያው የሠራተኛውን ደመወዝ ቆረጠ፤ ከፊሉን «በኋላ ይከፈላችኋል» ብሎ አቆየ፤ ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣውንም አቋረጠ። ክፉ ቀን ነበር፣ ሠራተኛውም ተሸከመ። 2022 ሲያልቅ ያ ቀን አልፎ ነበር። አውሮፕላኖቹ ይበራሉ፤ ሰሞኑን ቲኬት የጠየቀ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ፓይለቶቹ በ2022 ያሉት የተያዘው ደመወዛችን ይከፈለን፣ የፕሮቪደንት ፈንዱም መዋጮ ይመለስ ነው። በአመራሩ ላይ ሌላ ቅሬታም አላቸው፤ እደርስበታለሁ። ማኔጅመንቱ ደግሞ ገና አላገገምንም፣ ታገሡ፣ አሁን አድማ ብትመቱ ኩባንያው ይሞታል ይል ነበር።

ፕሮቪደንት ፈንድ ምን እንደሆነ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ባጭሩ ልናገር። አሠሪውም ሠራተኛውም በየወሩ እያዋጡ የሚያስቀምጡት፣ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ወይም ሲጦር የሚወስደው ገንዘብ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው ከልግስና አይደለም። የሠራህበት ዋጋ ነው፤ ዛሬ ከምሰጥህ ነገ ልስጥህ ተብሎ የተቀመጠ። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መዋጮው ሲቋረጥ በዚያ ወር እጅህ የሚገባው ገንዘብ ስላልጎደለ ምንም የሆንክ አይመስልህም። የተወሰደው ከስድሳ ዓመት በኋላ የምትበላው እንጀራ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማንን ትከሳለህ?

እሺ፣ አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «ለጊዜው ነው» የሚለውን ቃል ከስደተኛ በላይ የሚያውቀው ማነው? ካኩማ ካምፕ በ1992 ለጊዜው ተብሎ ተቋቋመ፤ በ2022 30 ዓመት ሞላው፤ እዚያ የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው ወልደዋል። ሸራው ለጊዜው ነበር። ራሽን ሲቀነስ «ገንዘብ እስኪገኝ ነው» ተባለ። በ2021 እንደገና ተቀንሶ ከሚገባው ግማሽ ያህል ሆነ። ከካምፕ የሚደውልላችሁ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ፤ በየወሩ በኤምፔሳ የምትልኩት ለዚሁ ነው።

እኔ ራሴ ካምፕ እያለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ሌሊትም። አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት ደመወዝ ይከፈላታል። ለእኔ የሚሰጠኝ ግን «ኢንሴንቲቭ» ይባላል፤ ስደተኛ የሥራ ፈቃድ ስለሌለው ደመወዝ ሊባል አይችልም፣ ማበረታቻ ነው። በወር 7,000 ሽልንግ። አንድ ዓመት የበጀት እጥረት አለ ተባለና ከእሱም ላይ 1,500 ተቀነሰ። ወረቀት አምጥተው አስፈረሙን። ቅነሳው በወረቀቱ ላይ በአኃዝ ተጽፏል፤ «እስከ ሰኔ ብቻ ነው» የሚለው ግን የተነገረን በአፍ ነው። ሰኔ መጣ፣ አለፈ። የሚቀጥለውም ሰኔ መጣ። ስንጠይቅ «ያልተስማማው ይውጣ፣ ሰው ሞልቷል» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ማኅበር የለን፣ ማስጠንቀቂያ የምንጽፍበት ሕግ የለን። ሥራችንን ቀጠልን።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ እኔ «ለጊዜው ደመወዛችሁን ቀንሱልን» የሚል አሠሪ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ የሚመለስበት ቀን የት ተጽፏል? ቀን ከሌለው ብድር አይደለም፤ ወስዷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ፓይለቶቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። እኛ ልንጠይቀው ያልቻልነውን ሰው ሲጠይቅ አይቶ መሳደብ አልገባኝም።

«እነሱ እኮ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። ናቸው፤ አልክድም። አንድ ካፒቴን በወር የሚያገኘውን ኢስሊ ውስጥ ሱቅ የምትጠብቅ እህታችን በሕልሟም አታየውም። ግን እስቲ ነገሩን ከታች ወደ ላይ እዩት። ያ ኩባንያ ውስጥ ሻንጣ የሚጭን አለ፣ ካቢን የሚያጸዳ አለ፣ ቆጣሪው ላይ ቆማ የሰው ስድብ የምትቀበል ልጅ አለች። የእነሱም ደመወዝ ተቆርጧል። ጫኚው ነገ ሥራ ቢያቆም በማግስቱ በቦታው ሌላ ይቆማል። ፓይለት ግን በአንድ ሌሊት አይተካም። የቦይንግ 787 ፈቃድ ያለው ሰው ተነሥቶ ኤምብራየር አያበርም፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን ለብቻው ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ ያወጣል። «ሁሉንም ያባርና ሌላ ይቅጠር» የሚለው ወንድማችን ፓይለት የማታቱ ረዳት መስሎት ነው። እንግዲህ ኩባንያው በቀላሉ ሊተካው የማይችለው ሠራተኛ እንኳ የተወሰደበትን ማስመለስ ካልቻለ፣ ጫኚው በምን ጉልበቱ ያስመልሳል? ፓይለቶቹ በተሸነፉ ማግስት «ፓይለቶቹም ተቀብለዋል፣ አንተ ማነህ?» ነው የሚባለው። ደግሞ ሀብታም ስለሆነ የሠራበትን መከልከል ይቻላል ካልን፣ የሀብታሙን ልክ የሚወስነው ማነው? ለካኩማ ሰው እኮ ኢስሊ ያለኸው አንተም ሀብታም ነህ።

አሁን ደግሞ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? እዚህ ላይ ልቆይበት፤ ምክንያቱም በግሩፑ የሚወራው ሁሉ ኩባንያው የከሰረው በፓይለት ደመወዝ ነው የሚል ነው።

ኬንያ ኤርዌይስ «የአፍሪካ ኩራት» ይባል ነበር። በ2012 አካባቢ «ፕሮጀክት ማዊንጉ» የሚባል ትልቅ ዕቅድ አወጡ፤ ማዊንጉ በስዋሂሊ ደመና ማለት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ አውሮፕላኑን ከመቶ በላይ አድርሰን ዓለምን እንዞራለን አሉ። ዕቅዱን ያወጡት ፓይለቶች አይደሉም። አዳዲስ 787 እና 777 በብድር ታዘዙ። ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ፤ በ2013 የናይሮቢ ኤርፖርት ተቃጠለ፣ በዚያው ዓመት የዌስትጌት ጥቃት ደረሰ፣ በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ ተነሣ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ለእነሱም ልፍረድ። ነገር ግን አውሮፕላኑ መጥቶ መንገደኛው ሲጠፋ ዕዳው ቀረ። የነዳጅ ዋጋ ይጨምራል ብለው አስቀድመው ዋጋ ቆርጠው በተዋዋሉት ውል፣ ዋጋው ሲወርድ ከሰሩ። በመጋቢት 2015 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 25.7 ቢሊዮን ሽልንግ፣ በሚቀጥለው 26.2 ቢሊዮን ሽልንግ ኪሳራ። የታዘዙት ግዙፍ 777ዎች ለቱርክ አየር መንገድ ተከራዩ፤ ሁለት 787 ለኦማን ኤር። በ2016 ለንደን ሂትሮ ላይ የነበራቸውን የማረፊያ ሰዓት በ75 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት፤ እሱም ለኦማን ኤር። በ2017 ዕዳው ወደ አክሲዮን ተቀየረና መንግሥት 48.9 በመቶ፣ አበዳሪ ባንኮቹ 38.1 በመቶ ያዙ።

ታዲያ ያን ጊዜ ማን ጮኸ? እነዚሁ ፓይለቶች ናቸው። በ2016 ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የቦርድ ሰብሳቢው ይውረዱ ብለው የአድማ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ሰብሳቢው ተለወጡ፤ ሥራ አስፈጻሚውም እንደሚለቁ ተነገረ። ያኔም «ኩባንያውን ልትገድሉት ነው» ተብለዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ በ2022ም ኩባንያው እየበረረ ነበር፣ ማስፈራሪያውም ያው ነበር። የማይገባቸውን የተበደሩ ሌሎች፣ የሚቆረጥበት ሌላ። ይህን ዓይነቱን ነገር አገር ቤትም አይተነዋል፣ ካምፕም አይተነዋል፤ የኬንያ ሲሆን ለምን አዲስ ይሆንብናል?

ስለ ሕጉም ልበል። ይህ አድማ እንደ አመፅ የሚወራው ከመጣንበት አገር ልማድ የተነሣ ይመስለኛል። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ሠራተኛ አድማ የመምታት መብት አለው ይላል። የሥራ ግንኙነት ሕጋቸው የ7 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ እነዚህ ሰዎች የ14 ቀን ሰጡ። አድማ በማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አለ፤ ፓይለት የለም። ስለዚህ በር ሰብረው የገቡ አይደሉም፤ በበሩ ነው የገቡት።

በእኛ አገር በሩ ራሱ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርት እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ እዚያ ሥራ ማቆም ክልክል ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም አዋጅ እንዲሁ ነበር። ነሐሴ 2010 ላይ የአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የክፍያ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የታሰሩ ነበሩ። በዚያን ሰሞን የእኛ ሰው በአብዛኛው ዝም ሲል፣ በአደባባይ መግለጫ ያወጣው ማን ነበር? የኬንያ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ በዚህ ሁኔታ ለበረራ ያሰጋል ብለው ተናገሩ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ውሸት ነው ብሎ መለሰ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር ተዉትና ሌላውን አስቡ፤ እነዚያ ኬንያውያን የእኛን ሰዎች አያውቋቸውም፣ ዘመድም አይደሉም፣ በሬዲዮ ድምፃቸውን ከመስማት በቀር። ዛሬ በዚያው ኤርፖርት የሚሠሩ ሰዎች ተራ ሲደርሳቸው ከእኛ የሚሰሙት «ጠግበው ነው» ሊሆን ነው?

በነገራችን ላይ አድማ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኢስሊ ቡና ቤት የማገኛቸው አንድ ጋሼ በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ታክሲ ይነዱ ነበር። የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር መኪናቸውን እንዴት እንዳቆሙ ሲነግሩኝ ዛሬም ዓይናቸው ይበራል። አስተማሪውም፣ ከዚያ የሠራተኞች አንድነት ማኅበሩ ጠቅላላ አድማ። «ደርግ በዚያ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው፣ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የዘጋው ማኅበራችንን ነው» ይላሉ። ጋሼ ስለ ፓይለቶቹ ስጠይቃቸው የተናገሩት እዚህ አይጻፍም፤ ማኔጅመንቱን አላመሰገኑም ማለት ይበቃል።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልግባ፤ አድማው ቢመታ የምንጎዳው እኛም ነን። ይህን አሳንሼ አላወራም። የአክስቴ ልጅ ስድስት ዓመት ኬዟን ጠብቃ ቀን ወጥቶላታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከናይሮቢ ልትነሣ ነው። ከእሷ ጋር ስንት ቤተሰብ እንዳለ አላውቅም። የስደተኛ ጉዞ እንደ ሌላ ሰው ጉዞ «ነገ እሄዳለሁ» የሚባል አይደለም። የጤና ምርመራው የጊዜ ገደብ አለው፣ መውጫ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፣ የደኅንነት ማጣሪያውም አለው። አንዱ ካለፈ ሌላውም ይጎተታል፤ በዚህ ምክንያት ወራት የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ። ልጅቷ ትናንት ደውላ «እትዬ፣ አንቺ ለሰው አገር ፓይለት ጠበቃ የምትሆኚው የእኔ ሻንጣ ተዘግቶ እያለ ነው?» አለችኝ። ቃሏ ልቤን ወጋኝ። የመለስኩላትን ለእናንተም እመልሳለሁ።

ያንቺን በረራ አደጋ ላይ የጣለው ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ብቻ አይደለም። 14 ቀን ተሰጥቷል። 14 ቀን ማለት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት፣ «ይህን ያህሉን በዚህ ወር፣ ቀሪውን በዚህ ወር» ብለው ቀን የሚጽፉበት ጊዜ ነው። ቀኑን ለመጻፍ ያልፈለገው ወገን ስንት መንገደኛ እንደሚጉላላ ያውቃል፤ እንዲያውም የሚተማመነው በእኛ መጉላላት ነው። አንቺ ኤርፖርት ወለል ላይ ተኝተሽ ፓይለቱን ስትረግሚ፣ ከማኔጅመንቱ ሥራ ግማሹን በነፃ ሠራሽለት ማለት ነው። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ይኸው ነው። ተናደጂ፣ መብትሽ ነው፤ ግን ቁጣሽን ለሁለቱም እኩል እንኳ አካፍዪው።

ሌላም የገረመኝ አለ። «የኬንያው ሲቆም መንገደኛው ሁሉ ወደ እኛ አየር መንገድ ይመጣል፣ እሰይ!» እያላችሁ ባንዲራ የምትለጥፉ አላችሁ። በአገር ቤት ጉዳይ በአንድ ነገር እንኳ ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች በዚህ ተስማምተናል፣ ጉድ ነው! አየር መንገዳችን ለእኔም ኩራቴ ነው፤ የጅራቱን ቀለም ከሩቅ ሳይ ዛሬም ዓይኔ ዕንባ ያቀርራል። ግን የጎረቤት ሠራተኛ ደመወዙን ሲያጣ የሚገኝ ትርፍ ለእኔና ለአንተ ምን ያደርግልናል? ትኬት ይቀንስልናል? የናይሮቢ ማኔጅመንት ሠራተኛውን አንገት አስደፍቶ ካሸነፈ፣ የአዲስ አበባውም የካምፓላውም አሠሪ ትምህርቱን በነፃ ይወስደዋል።

«እኛ እንግዳ ነን፣ በሰው አገር ጉዳይ አንግባ» ለምትሉኝ ደግሞ፦ በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ግማሽ መንገድ። ማንም ስደተኛ ሰልፍ አይውጣ፣ ኤርፖርት በር ላይ አይቁም። አንድ ፖሊስ መታወቂያህን ጠይቆ የሚያደርስብህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆቻችሁንም ምከሩ። ነገር ግን «አንግባ» ካልን መሳደቡም መግባት ነው። ማኔጅመንቱን ደግፎ ሃምሳ የድምፅ መልእክት መላክ ገለልተኝነት አይደለም። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ናቸው፤ ቤት የሚያከራዩን፣ ልጆቻችን አብረዋቸው የሚማሩ። ከእነሱ መካከል ለደመወዙ የሚከራከር ሰው በስልካችን ውስጥ ያለውን ቢሰማ ምን ይለናል? እኛስ ነገ የሥራ ፈቃድ ይሰጠን፣ ኢንሴንቲቭ ይቅር፣ እኩል ለሠራ እኩል ይከፈል ብለን ስንነሣ ከየትኛው የኬንያ ማኅበር ዘንድ ሄደን እርዱን እንላለን?

በሚቀጥሉት ሳምንታት በረራ ያላችሁ፦ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ኬዛችሁን የያዘውን ሰው ዛሬውኑ ደውላችሁ «አድማ ቢሆን በሌላ አየር መንገድ ታዛውሩናላችሁ ወይ? የጤና ምርመራዬና መውጫ ፈቃዴ የሚያበቃው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በቴክስት አስልኩ፣ በአፍ ብቻ አትቀበሉ። የሁሉንም ወረቀት ፎቶ በስልካችሁ ያዙ። ከካምፕ መጥታችሁ ናይሮቢ የምትቆዩ ከሆነ ማደሪያና ምግብ እስከ መቼ እንደሚሸፈን ቀኑን አስነግሩ። እንግሊዝኛም ስዋሂሊም የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብሬ እደውላለሁ፤ ለአስተርጓሚነት ገንዘብ አልቀበልም። ኤርፖርት ደርሳችሁ በረራ ከተሰረዘም፣ ቆጣሪ ላይ የቆመችውን ልጅ አትሳደቡ፤ የእሷም ደመወዝ ተቆርጧል።

የግሩፑ አድሚኖች ደግሞ፣ ያን «ይባረሩ» የሚለውን የድምፅ መልእክት ከላይ ፒን ያደረጋችሁትን አንሡልን።